የአንዲት ቴሴራ ባለቤት፤ የአቶ ይድነቃቸው ተሰማ ሕይወት

በልደታ ኮንዶሚኒየም ሕንፃዎች መካከል ልጆች ኳስ ሲጫወቱ ቡድን የሚከፈለው በምርጫ ነው። ሁለት አለቆች ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ ተራ በተራ ይጠራሉ፤ የመጣ ሁሉ ይገባል፤ የተረፈ ካለ በር ይጠብቃል። የክረምት የሰፈር ዋንጫ የተባለ እንደሆነ ግን ነገሩ ጠባዩን ይለውጣል። ልጁ የሰፈሩ ነው ወይስ ከሌላ ሰፈር ተመርጦ የመጣ? ዕድሜውስ ለውድድሩ ይፈቅዳል? ማስረጃውስ የት አለ? ክርክሩ ከኳሱ ይቀድማል፤ አንዳንድ ጊዜም ኳሱ ሳይጀመር ቀኑ ይመሻል።

በክለብ ደረጃ ለዚህ ክርክር መልስ እንድትሰጥ የተሠራችው ቴሴራ ናት። ቃሉ ከጣሊያንኛ የመጣ ሲሆን የኳስ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። በእጅ መዳፍ ውስጥ የምትገባ ካርድ ናት፤ ፎቶግራፍ፣ ስም፣ የክለብ ስምና ቁጥር አለባት፤ ፎቶግራፉ ተነሥቶ ሌላ እንዳይለጠፍበት ማኅተሙ ጫፉን ነክቶ ያልፋል። ዳኛው ከጨዋታው በፊት ፊትን ከፎቶግራፍ ያስተያያል። ቴሴራ የሌለው ተጫዋች ምንም ያህል ቢችል ከመስመር ውጭ ቆሞ ያያል። ያለ ሙያ ፈቃድ በንድፍ ላይ ፊርማውን ማኖር ለማይችል መሐንዲስ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። በአሜሪካና በካናዳ የተጫዋች ሥዕል ያለበት ካርድ ከማስቲካ ጋር ይሸጥ ነበር፤ ልጆች ይሰበስቡታል፤ የቆየውም ዛሬ በብዙ ገንዘብ ይገዛል። በኢትዮጵያ ግን የተጫዋች ካርድ የመብት ማስረጃ እንጂ የጌጥ ዕቃ አልነበረም።

ሜዳ የሚገባው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ከአቶ ይድነቃቸው ተሰማ ሕይወት ጋር የተሳሰረውን ያህል ከሌላ ኢትዮጵያዊ ሕይወት ጋር አልተሳሰረም። በተጫዋችነታቸው ዘመን የአንድ ክለብ ሰው ብቻ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ወደ ጠረጴዛው ማዶ ተሻግረው የአንድን አህጉር የመግቢያ በር ጠበቁ።

አቶ ይድነቃቸው በዘመን መለወጫ ቀን፣ መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. ጅማ ውስጥ ተወለዱ። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በግጥማቸውና በዘፈናቸው የታወቁ ሰው ነበሩ። ዳግማዊ ምኒልክ ልከዋቸው በጀርመን አገር የአውቶሞቢል ነገር ሲማሩ፣ በዚያው አጋጣሚ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ድምፃቸውን በሸክላ አስቀረጹ፤ ከኢትዮጵያ ዘፈኖች በሸክላ ለመቀረጽ የመጀመሪያዎቹ የእርሳቸው ናቸው። ነጋድራስን ከአገሪቱ ቀደምት መካኒኮች መካከል መቁጠር የሚፈልግ ባልደረባ ቢኖር የሚከለክለው የለም፤ ይህ ግን ራሱን የቻለ ጽሑፍ የሚጠይቅ ነው። ነጋድራስ ተሰማ ለልጅ ኢያሱ ቅርብ ስለነበሩ፣ በ1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ሲወርዱ የእርሳቸውም ዕድል አብሮ ወደቀ። ስለዚህ ልጃቸው የተወለዱት ማዕረጉ ካለፈበት፣ ስሙ ግን ካልጠፋ ቤት ነበር።

ትምህርታቸውን በአዲስ አበባ በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ተከታተሉ። የ14 ዓመት ልጅ ሳሉ፣ በ1928 ዓ.ም. በአራዳ አንድ የኳስ ቡድን ተመሠረተ፤ በደብሩ ስምም ቅዱስ ጊዮርጊስ ተባለ። ጊዜው ለኳስ የሚመች አልነበረም። ጦርነቱ በሰሜን ተጀምሮ ነበር፤ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር ዋና ከተማውን ያዘ።

የወረራው ዘመን ለአቶ ይድነቃቸው ኋለኛ ሕይወት ቁልፍ በመሆኑ ጥቂት ማብራራት ያስፈልጋል። የፋሺስት መንግሥት በዘር መለያየትን በሕግ ደነገገ። መሐንዲሶቹና የከተማ ፕላን ነዳፊዎቹም ሕጉን ወደ መስመር ለወጡት፤ ጉይዲና ቫሌ ለአዲስ አበባ ባወጡት ፕላን የአገሬው ሰው መኖሪያ ከጣሊያኖች መኖሪያ ተለይቶ ወደ ምዕራብ ተወሰነ። የዛሬው መርካቶና አዲስ ከተማ ከዚያ አሳብ የቀሩ ናቸው። በወረቀት ላይ የተሰመረ መስመር በመሬት ላይ ምን ያህል ዕድሜ እንዳለው የዚህን ሙያ ሰዎች የሚያሳስብ ነገር ነው። ያው መስመር በኳስ ሜዳም ላይ አለፈ፤ ጣሊያኖቹ ለብቻቸው፣ የአገሬው ተወላጆች ለብቻቸው እንዲጫወቱ ተደረገ። ቅዱስ ጊዮርጊስም ስሙ ተለውጦ ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር ተባለ። አቶ ይድነቃቸው ከ14 እስከ 19 ዓመት ዕድሜያቸው ያለውን ጊዜ፣ ማለትም ተጫዋች የሚበስልበትን ዘመን፣ ያሳለፉት ሜዳ የሚገባውና የማይገባው በቆዳ ቀለም በሚለይበት ከተማ ነው።

ነፃነት ከተመለሰ በኋላ የሆነው ነገር ከዚህ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ያስደንቃል። በ1936 ዓ.ም. በተደረገው የመጀመሪያ ሻምፒዮና አምስት ቡድኖች ተሰለፉ፤ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ፣ የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶ፣ የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድንና ቅዱስ ጊዮርጊስ ነበሩ። ከአምስቱ የኢትዮጵያውያን ቡድን አንድ ብቻ መሆኑን ልብ ይሏል። ከወረራው ማብቂያ ሦስት ዓመት እንኳ በቅጡ ሳይሞላ የወራሪው ወገን ልጆችም በዚያው ሜዳ ተጋበዙ። ዋንጫውን የወሰዱት እንግሊዞች ናቸው፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ እስከ 1942 ዓ.ም. ድረስ መጠበቅ ነበረበት።

አጥቂው ይድነቃቸው ለዚህ ክለብ 23 ዓመት ተጫወቱ። በታሪካቸው ተመዝግቦ የሚገኘው ቁጥር 365 ጨዋታና 318 ግብ ነው። ይህም በየመቶው ጨዋታ 87 ግብ ማለት ሲሆን፣ የዚያን ዘመን መከላከል የላላ ነበር ቢባል እንኳ የሚናቅ አይደለም። በ1940 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ምርጥ ቡድን የመጀመሪያውን ዓለም አቀፍ ጨዋታ ከፈረንሳይ ሶማሌላንድ ጋር አድርጎ 5 ለ 0 ሲያሸንፍ እርሳቸው ከተሰለፉት አንዱ ነበሩ፤ በጠቅላላው የአገራቸውን ማሊያ 15 ጊዜ ለብሰዋል። ከክለብ ወደ ክለብ አልዞሩም። በዚያን ጊዜ ተጫዋችን ከክለቡ የሚያስኮበልል ገንዘብ እምብዛም አልነበረም፤ ይሁን እንጂ የእርሳቸው ጽናት ከገንዘብ እጦት ብቻ የመጣ አይመስልም። ሊቶሪዮ መባልን ያየ ሰው ቅዱስ ጊዮርጊስ የሚለውን ስም በቀላሉ አይለውጥም።

ገና እየተጫወቱ ሳሉ የቢሮውን ሥራ ያዙ። የስፖርት ጽሕፈት ቤቱና የእግር ኳስ ፌዴሬሽኑ በ1930ዎቹ አጋማሽ ሲቋቋሙ እርሳቸው በሃያዎቹ መጀመሪያ ዕድሜ ላይ ነበሩ። የጨዋታ ደንቦችን ወደ አማርኛ መለሱ። ይህ ሥራ እንደ ግብ አይጨበጨብለትም፤ ነገር ግን ደንቡ በራሱ ቋንቋ ያልተጻፈለት ዳኛ ፍርድ መስጠት፣ ተጫዋችም ይግባኝ ማለት አይችልም። አንድን የቴክኒክ ደንብ ወደ አማርኛ ለመመለስ የሞከረ መሐንዲስ ድካሙን ሳይነገረው ያውቀዋል።

ከአገር ውጭ ስማቸው መነሣት የጀመረው በሰኔ 1948 ዓ.ም. ፊፋ በሊዝበን ጉባኤ ባደረገ ጊዜ ነው። ያን ጊዜ የፊፋ አባል የነበሩት የአፍሪካ አገሮች ጥቂት ስለነበሩ የግብፅ፣ የሱዳን፣ የኢትዮጵያና የደቡብ አፍሪካ ልዑካን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው የአህጉሩን ኮንፌዴሬሽን ለማቋቋም ተስማሙ። በየካቲት 1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ተገናኙ። ኮንፌዴሬሽኑ ተመሠረተ፤ የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫም እዚያው እንዲደረግ ተወሰነ። (በዚያን ጊዜ የአዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ ልደታ ነበር፤ ቦሌ ገና አልተሠራም። ዛሬ በኮንዶሚኒየሙ የሚኖር ሰው ሰፈሩ በአንድ ወቅት የአገሪቱ የሰማይ በር እንደነበረ ላያስታውስ ይችላል።)

ደቡብ አፍሪካ ከአራቱ አንዷ ተወዳዳሪ ነበረች፤ የምትጫወተውም ከኢትዮጵያ ጋር ነበር። ነገር ግን የዘር መለያየት ሕጓ ነጭና ጥቁር በአንድ ቡድን እንዲሰለፉ ስለማይፈቅድ ወይ ነጭ ብቻ፣ ወይ ጥቁር ብቻ የሆነ ቡድን ለመላክ ጠየቀች። አቶ ይድነቃቸውና የሱዳን፣ የግብፅም ባልደረቦቻቸው የተደባለቀ ቡድን ካልሆነ አይሆንም አሉ። ደቡብ አፍሪካ ቀረች። ኢትዮጵያም ሳትጫወት ለፍጻሜ አለፈች። ጠርጣራ ሰው ውሳኔው ለኢትዮጵያ ጥቅም የተወሰነ ነው ቢል መልሱ በፍጻሜው ቀን ተገኝቷል፤ የካቲት 9 ቀን ግብፅ 4 ለ 0 አሸነፈች፤ አራቱንም ግብ ያስቆጠረው አድ ዲባ የተባለ አንድ ተጫዋች ነበር። በኦሎምፒክም ሆነ በፊፋ ጉባኤዎች የደቡብ አፍሪካ ጉዳይ ገና የቢሮ ደብዳቤ በነበረበት ዓመት፣ ከአራት አገሮች የተውጣጡ ጥቂት ሰዎች በአንድ ስብሰባ ፈጸሙት። በወጣትነቱ የተለየ ሜዳ የተመደበለት ሰው በመካከላቸው ስለነበረ ጉዳዩ ረጅም ማብራሪያ አላስፈለገውም።

አምስት ዓመት ቆይቶ ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ ወደ አዲስ አበባ መጣ። አሠልጣኙ አቶ ይድነቃቸው ነበሩ። ከተጫዋቾቹ ብዙዎቹ ከአሥመራ የመጡ ሲሆኑ፣ አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ ከኤርትራዊት እናትና ከጣሊያናዊ ወታደር የተወለደ፣ ከኳሱ ጎን ለጎን የመካኒክነት ሙያ ያለው ሰው ነበር። ወንድሙ ኢታሎም በቡድኑ ውስጥ ነበር። ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የሚቀበለው አምበል የጣሊያን ስም ያለው መሆኑ ያልተዋጠላቸው ሹማምንት እንደነበሩ፣ አሠልጣኙ ግን አምበሌን አልለውጥም እንዳሉ ስለ ዘመኑ የተጻፉ ታሪኮች ይተርካሉ። በዘር ምክንያት ከሜዳ የተገለለ ሰው ተራው ሲደርስ ሌላውን በዘሩ ለመግፋት ይቸኩላል፤ ይህ በሰው ልጅ ታሪክ ያልተለመደ አይደለም። አቶ ይድነቃቸው ከዚህ ዓይነቱ በቀል ነፃ መሆናቸው ከ318ቱ ግቦች ይልቅ ሊመዘገብላቸው ይገባል።

ጥር 6 ቀን 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸነፈች። ጥር 13 ቀን ለፍጻሜ ከግብፅ ጋር ተገናኘች። ባዳዊ በ35ኛው ደቂቃ ለግብፅ አስቆጠረ። ተክሌ ኪዳኔ በ74ኛው ደቂቃ አቻ ሲያደርግ ስታዲየሙ ገና ጨብጭቦ ሳይጠግብ ባዳዊ በሚቀጥለው ደቂቃ ደገመ። ስድስት ደቂቃ ሲቀር አምበሉ ሉቻኖ ሁለተኛውን አገባ። በጭማሪው ሰዓት ኢታሎ ሦስተኛውን፣ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን ጨመሩ። ሉቻኖ ቫሳሎ ወደ ክብር ትሪቡኑ ወጥቶ ዋንጫውን ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ተቀበለ። ኢትዮጵያ ከዚያን ቀን ወዲህ ያን ዋንጫ አላገኘችም።

ከዚያ በኋላ ያለው ሕይወታቸው በአብዛኛው የጉባኤ ሕይወት በመሆኑ አጠር አድርጎ ማለፍ ይቻላል። ፊፋ ለ1958ቱ የእንግሊዝ ዓለም ዋንጫ የአፍሪካ አሸናፊ ከእስያ አሸናፊ ጋር ተጋጥሞ ካላለፈ ቦታ የለውም ባለ ጊዜ፣ ከጋናው ኦሄኔ ጃን ጋር ሆነው የአፍሪካ አገሮች ከማጣሪያው እንዲወጡ አስተባበሩ። አገሮቹ ወጡ፤ ፊፋ በገንዘብ ቀጣ፤ ነገር ግን ለ1962ቱ የሜክሲኮ ዋንጫ ለአፍሪካ አንድ ቦታ ለብቻዋ ተሰጣት፤ ሞሮኮም ሄደችበት። በ1964 ዓ.ም. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ፤ በዚያው ዘመን ገደማም የዓለም አቀፉ ኦሎምፒክ ኮሚቴ አባል ሆኑ። ፕሬዚዳንትነቱን እስከ ዕለተ ሞታቸው ለ15 ዓመት ያዙት። በሐምሌ 1968 ዓ.ም. በሞንትሪያል ፊፋ ደቡብ አፍሪካን ከአባልነት ሲያባርር፣ ካርቱም ላይ የተጀመረው ነገር 19 ዓመት ፈጅቶ ወደ ዓለም መድረክ ደረሰ። የአልኮልና የትንባሆ ነጋዴዎች በአፍሪካ ውድድሮች ላይ ማስታወቂያቸውን ለመስቀል ገንዘብ ሲያቀርቡም እምቢ ይሉ ነበር። የአሳደጋቸው ክለብ ስም ከቢራ ጠርሙስ ጋር አብሮ መጠራቱ የታሪክ ቀልድ ነው እንጂ የእርሳቸው ጥፋት አይደለም።

በአንድ ነገር ላይ ግን ዳኝነታቸው ያከራክራል፤ ይህንንም አለማንሣት ሕይወታቸውን ማሳነስ ይሆናል። ኮንፌዴሬሽኑ በ1950ዎቹ መጨረሻ ባወጣው ደንብ አንድ አገር በአፍሪካ ዋንጫ ማሰለፍ የሚችለው ከአህጉሩ ውጭ ከሚጫወቱ ተጫዋቾች ሁለት ብቻ ነበር። ደንቡ እስከ 1974 ዓ.ም. ገደማ ጸና። አቶ ይድነቃቸው ከአሳቡ ጽኑ ደጋፊዎች አንዱ ነበሩ። ተጫዋቾች ወደ አውሮፓ መፍለሳቸው ለእርሳቸው ጥሬ ቡና ከአገር ወጥቶ ተቆልቶና ተፈጭቶ በውድ ዋጋ እንደመመለሱ ያለ ነገር ነበር። አፍሪካ ታሳድጋለች፤ ሌላው ይጠቀማል፤ የአገር ውስጡ ውድድር ይደርቃል። በደንቡ ምክንያት የአህጉሩ ውድድሮች በአገር ውስጥ ተጫዋቾች ትከሻ ላይ ቆሙ፤ ይህ ጥቅም የሚካድ አይደለም።

ይሁን እንጂ ደንቡ ሲሠራ የነበረው በሰው ላይ ነው። ሁለቱ ቦታ በሞላ ጊዜ ሦስተኛው ተጫዋች ጥፋቱ ምን ነበር? እግሩን ይዞ እንጀራ ወዳለበት መሄዱ ብቻ ነው። የክለቦቹን ድህነት ክለቦቹ ወይም መንግሥታቱ ሳይሆኑ ተጫዋቹ እንዲከፍል ተደረገ። አቶ ይድነቃቸው ኑሯቸው በቢሮ ሥራ የተደገፈ፣ ኳሱን ለፍቅር የተጫወቱ፣ ከአንድ ክለብ በቀር የማያውቁ ሰው ነበሩ። ብዙ ቴሴራ ያወጣን፣ ከከተማ ከተማ የዞረን ተጫዋች ከልባቸው ለመረዳት ይህ ሕይወት የሚያመች አልነበረም። ራሱ አምበላቸው የዚያ ዓይነት ሰው ነበር፤ በአሥመራ ክለቦች ጀምሮ በድሬዳዋው የጥጥ ፋብሪካ ቡድን ተጫወተ፤ በደርግ ዘመን ወደ ጣሊያን ተሰደደ፤ በ2015 ዓ.ም. መባቻ እዚያው አረፈ። የዘር ቴሴራን የቀደዱ እጆች የመኖሪያ ቦታ ቴሴራን ማኅተማቸውን ባይመቱባት መልካም ነበር። ስለ ባልደረቦቻቸው ወደ ውጭ መፍለስ የሚከራከሩ መሐንዲሶችም ተመሳሳይ ሚዛን በእጃቸው ይዘዋል፤ ተምሮ የወጣውን ከሙያው ማኅበር መዝገብ መሰረዝ ይገባል የሚል ግን እስካሁን አልተሰማም። ደንቡ በእርሳቸው ፕሬዚዳንትነት ዘመን መሻሩ፣ ቢያንስ በድምፅ ለተሸነፉበት ነገር መገዛትን ያውቁ እንደነበር ያሳያል።

አቶ ይድነቃቸው በካንሰር ሕመም ታመው በተወለዱ በ65 ዓመታቸው ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. አረፉ። 66ኛ ዓመታቸው ሊሞላ የቀረው አንድ ወር እንኳ አልነበረም። በወንበራቸው ለጊዜው የተቀመጡት ሱዳናዊው ዶክተር አብደል ሐሊም መሐመድ ናቸው፤ እርሳቸውም በ1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ከነበሩት መሥራቾች አንዱ ነበሩ።

ደቡብ አፍሪካ ወደ አፍሪካ እግር ኳስ የተመለሰችው ከዚያ በኋላ፣ የዘር መለያየት ሥርዓት ሲፈርስ ነው። ጥር 25 ቀን 1988 ዓ.ም. በጆሃንስበርግ ለአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ከቱኒዚያ ጋር ተጋጠመች። የተሰለፈው ቡድን የተደባለቀ ነበር፤ 2 ለ 0 አሸነፈ። ኔልሰን ማንዴላ የአምበሉን 9 ቁጥር ማሊያ ለብሰው ዋንጫውን ሰጡ። የተቀበለው አምበል ኒል ቶቪ ነጭ ነበር።